ሳሉ አይቆረጥ

ሐይቅ፣ ነሐሴ 4 ቀን 2013 ዓ.ም.

የሰማህ ላልሰማው አሰማ። ካቻምና ክረምት ከታንኳዬ ላይ ተንሸራቶ ሐይቁ ውስጥ የገባው የግራ እግር ሰንደል ጫማዬ፣ ትናንት ጧት በዓሣ አስጋሪው ባልንጀራዬ በኡስማን መረብ ተይዞ በሰላም ለባለቤቱ ተመልሷል። ቀኙን ተስፋ ቆርጬ አምና ስለጣልኩት ደስታው ለጊዜው ግማሽ ነው። ኡስማን "ከዛሬው ዓሣ ሁሉ የከበደው ይኸ ነው" ብሎ መልሶ ሊሸጥልኝ ቃጥቶት ነበር። ይህ አዋጅ ዱባይ ድረስ ይሰማ ዘንድ ለልጅ ልጄ ለሱረያ ተጻፈ።

ለዓይኔ ማረፊያ ለሱረያ፤ አሰላሙ አለይኪ ወረህመቱላሂ ወበረካቱህ። እኔ ከጉልበቴ በቀር አልሀምዱሊላህ ደህና ነኝ። ጉልበቴም ቢሆን ሰላም ብሎሻል።

የላክሽውን መልእክት ሙሉጌታ ሱቁ ውስጥ አትሞ ሰጠኝ። ስልክ ላይ ማንበብ አይሆንልኝም፤ ፊደሉ እንደ ዓሣ ያመልጠኛል። ይኸንንም ደብዳቤ ፎቶ አንስቶ የሚልክልሽ እሱ ስለሆነ ስለ ሙሉጌታ ክፉ ነገር አልጽፍም።

ከመልእክትሽ የገባኝ እንዲህ ነው። በዚያ ፀሐዩ እንቁላል በሚጠብስበት አገር፣ ገበያ አዳራሽ ውስጥ የበረዶ ሜዳ አለ። አንቺ እዚያ ጫማ አከራይ ሆነሽ ተቀጥረሽ ነበር። አሁን ደግሞ ራስሽ ቢላ የተሰካበት ጫማ አጥልቀሽ በሰው ፊት ልትወዳደሪ ነው። እኔ የማውቃት ሱረያ በረዶ ሲጥል አልጋ ስር የምትገባ ነበረች።

አንድ ነገር ብቻ ንገሪኝ። ከበረዶው ስር ውሃው ስንት ክንድ ይጠልቃል? የምጠይቅሽ ውሃ ላይ ያረጀሁ ሰው ነኝ። ከመርገጥሽ በፊት ጆሮሽን ጣል አድርጊበት፤ የሚሰነጠቅ ነገር አስቀድሞ ይናገራል።

ከወልድያ በኩል የሚመጣው ሚኒባስ ሰሞኑን ጣሪያው ድረስ ሞልቶ ነው የሚገባው። ፍራሽም ድስትም ጭነዋል። ሰርግ ይሆናል።

አያትሽ ሀሚዱ


ዱባይ፣ ነሐሴ 13 ቀን 2013 ዓ.ም.

ለተከበሩ አያቴ ለአባባ ሀሚዱ፤ ወአለይኩም አሰላም ወረህመቱላሂ ወበረካቱህ። አላህ ዕድሜዎን ያርዝመው፣ ጥላዎን ከላያችን አያንሳው። ለጉልበትዎም ሰላምታዬን ያድርሱልኝ።

አባባ፣ ከበረዶው ስር ውሃ የለም፤ ሲሚንቶ ነው። ሲሚንቶው ውስጥ የተዘረጋ ቀዝቃዛ ቱቦ ከላይ የፈሰሰውን ውሃ ያረጋዋል። ውፍረቱ ከአንድ መዳፍ አይበልጥም። የሚሰብር እንጂ የሚያሰጥም ነገር የለውም።

ነገሩ ጨዋታ እንዳይመስልዎ ልንገርዎት። ኮንትራቴ በጥር ያልቃል። አለቃችን የጫማ መስጫውን በማሽን ሊተካው ነው። "የጀማሪዎቹን ውድድር ካለፍሽ ልጆች ከሚያለማምዱት ጋር አስቀርሻለሁ፤ ካላለፍሽ አገርሽ ትገቢያለሽ" ብሎኛል። ማሪቴስ የምትባል የፊሊፒንስ አሠልጣኝ አለች፤ ገበያው ሳይከፈት በፊት በነጻ ታለማምደኛለች። ቀኑ ታኅሣሥ 9 ነው።

ማሳየት ያለብኝ አንድ ዝላይ፣ አንድ ሽክርክሪትና በአንድ እግር ረዘም ያለ መንሸራተት ነው። ሁሉም በአንድ ሙዚቃ መያያዝ አለበት። ሌሎቹ የፊልም ሙዚቃ ነው የያዙት። እኔ አምባሰል እፈልጋለሁ፤ ያለ ዘፈን፣ የጋሽ የኋላሸትን ክራር ብቻ። ስፌቱን ትቶ ክራሩን ሲያነሳ ሰዉ ሁሉ ከሱቁ በር ላይ ቀስ ብሎ የሚቆምበትን ያን። ይቀዱልኝ ይሆን?

ደግሞ አባባ፣ በክረምት ፍራሽ ጭኖ ሰርግ የሚሄድ የለም። ዜናው እዚህም ይሰማል።

ልጅዎ ሱረያ


ሐይቅ፣ ጳጉሜ 3 ቀን 2013 ዓ.ም.

ለሲሚንቶ ላይ ዓሣዋ ለሱረያ፤ አሰላሙ አለይኪ። ውሃ የለውም ስትዪኝ ሌሊቱን ተኛሁ። ሙዚቃሽን ሙሉጌታ ከዚህ ጋር ልኮልሻል።

እንዴት እንደተቀዳ ስሚ። የኋላሸት "ክራር በብርድ ይላላል፣ በረዶ ላይ አላሰማውም" ብሎ መጀመሪያ አሻፈረኝ አለ። ላንቺ ነው ስለው ግን መቀሱን አስቀመጠ። ከዚያ "ልጅቷ ስትሄድ እንዴት ነው የምትሄደው? ሳላይ በምን ልክ ልምታ?" አለኝ። ጨርቅ ሳይለካ የማይቆርጥ ሰው መሆኑን ታውቂያለሽ። ምን ላድርግ፤ ያንን ሱቅ በአንድ እግር፣ እጄን እንደ ዋኔ ክንፍ ዘርግቼ ዞርኩለት። ልክ ዞሬ ሳልጨርስ አባ ገብረ ክርስቶስ ቀሚሳቸውን ሊያስጠብቡ ገቡ።

"ሀሚዱ፣ ምን ነካህ?" አሉኝ።

"ዱባይ ልወዳደር ነው አባ።"

ትንሽ ቆመው አዩኝና "ሌላኛውን እግርህን ቀና አድርገው" ብለውኝ ወጡ። የእስጢፋኖስ ገዳም ሰው እንኳን ያውቅበታል ማለት ነው።

ምክር ልስጥሽ። ጧት ከወዲያ ዳር ስመለስ እግሬን አላይም፣ መቅዘፊያዬንም አላይም። የገዳሙን ዛፎች ከኋላቸው ካለው የአምባሰል ተራራ ጭንቅላት ጋር አስተካክላቸዋለሁ። አንድ ምልክት ብቻ ከያዝሽ ነፋስ ሳታውቂው ይወስድሻል። ሁለቱ ከተደራረቡ ግን መንገድ ላይ ነሽ። አንቺም እዚያ አዳራሽ ውስጥ ቅርብና ሩቅ ሁለት ነገር ፈልጊ።

ትምህርት ቤቱ በእንግዳ ተሞልቷል። የየኋላሸት ሚስት ተሾመች ጧት ጧት ቆሎ እየቆላች ትወስድላቸዋለች። ሰርጉ ረዘመ።

አያትሽ ሀሚዱ


ዱባይ፣ መስከረም 8 ቀን 2014 ዓ.ም.

ለተከበሩ አባባ፤ አሰላሙ አለይኩም። አዲሱን ዓመት ከነሰላሙ ያድርግልን።

ሙዚቃው ደረሰኝ። ጫማ መስጫው ስር ተቀምጬ በጆሮ ማዳመጫ ስሰማው ደንበኞቼን ረሳኋቸው። አንዲት ሴትዮ ሁለት የተለያየ ቁጥር ያለው ጫማ ይዛ ሄደች። አላህ ይስጥልኝ፤ ጋሽ የኋላሸትንም እጁን ይባርከው።

ግን አባባ፣ መሀል ላይ የርስዎ ሳል አለ። ክራሩ ወደ ላይ ወጥቶ ለአፍታ ሲያርፍ አንድ ደረቅ ሳል። ከክራሩ ይልቅ እሱን ደጋግሜ ሰማሁት። መቼ ጀመረዎ? አክታ አለው? እባክዎ ደሴ ሆስፒታል ይሂዱ። ከርስዎ ሌላ አገሬ ላይ ማን አለኝ። ማሪቴስ ሳሉን በኮምፒዩተር ቆርጬ ላውጣው ትላለች፤ ዳኞቹ ይስቃሉ ብላ። መልስዎን እጠብቃለሁ።

እኔ ገና ነኝ። ስሽከረከር መቆሚያዬ ይጠፋኛል። ፊቴ ወደ ዳኞቹ መሆን ሲገባው ሁልጊዜ ወደ ጫማ መስጫው ዞሬ እቆማለሁ። ማሪቴስ "ሥራሽን ትወጂዋለሽ" እያለች ትስቃለች። እሷ ትሳቅ፤ እኔ ጥር ነው የሚታየኝ። ትናንት ወድቄ ዳሌዬ ጠቁሯል። ለሳልዎ ማር በሎሚ ይጠጡ።

ልጅዎ ሱረያ


ሐይቅ፣ መስከረም 20 ቀን 2014 ዓ.ም.

ለሐኪሜ ለሱረያ፤ ወአለይኪ አሰላም። ማሩን ጠጥቼዋለሁ። ሎሚውን ኡስማን ዓሣ ላይ ጨምቆ በላው።

ሳሉ አይቆረጥ። በሽታ አይደለም፤ ሥርዓት ነው። ትንሽ ሆነሽ ስለሄድሽ አልነገርንሽም ማለት ነው። በጭጋግ ጊዜ የሐይቅ ዓሣ አስጋሪ አይጮኽም። ጩኸት ዓሣ ይበትናል። ስለዚህ ከአያት ከቅድመ አያት ጀምሮ በጭጋግ ይሳላል። አንዱ አንድ ጊዜ ይስላል፤ "እዚህ አለሁ" ማለቱ ነው። የሰማው መልሶ ይስላል፤ "እኔም አለሁ፣ አትምጣብኝ" ማለቱ ነው። መልስ ያልሰጠ ካለ ታንኳ ሁሉ ወደዚያው ይቀዝፋል። የኋላሸት ሲመታ ዓይኔን ብጨፍን ጭጋግ መሀል ያለሁ መሰለኝና አመለጠኝ። ይኸው ነው። እሱ እስከ ዛሬ አኩርፎኛል። ማሪቴስን በይልኝ፣ ያን ሳል የነካች ሐይቅ አትገባም።

የዳሌሽን ነገር ሰማሁ። ከወደቅሽ ለመነሳት አትንፈራገጪ። ታንኳ የገለበጠው ሰው የሚሰጥመው ሲንፈራገጥ ነው። መጀመሪያ የወደቅሽበትን እወቂ፣ ከዚያ ተነሺ።

ከውጫሌ በኩል ሰማዩ ያጉረመርማል። ክረምቱ ሳይወጣ ቀረ መሰለኝ።

አያትሽ ሀሚዱ


ዱባይ፣ ጥቅምት 16 ቀን 2014 ዓ.ም.

ለተከበሩ አባባ፤ አሰላሙ አለይኩም ወረህመቱላሂ።

ሳሉን አላስቆረጥኩም። ለማሪቴስ ሥርዓቱን ነገርኳት። የሷም አባት ባሕር ላይ ነው የሚሠራው። "እንግዲያው ዝላይሽን እሱ ላይ አድርጊው" አለችኝ። አሁን ክራሩ ወደ ላይ ሲወጣ ፍጥነት እሰበስባለሁ፤ እርስዎ ሲስሉ እዘላለሁ። ከአሥሩ አራቱ ላይ እወድቃለሁ። ለሽክርክሪቱ ሁለት ምልክት አገኘሁ፤ ከሜዳው ጠርዝ ያለውን ምሰሶና ከኋላው ያለውን የሽቶ ሱቅ ቀይ መብራት። ሲደራረቡ ፊቴ ዳኞቹ ላይ ነው። በትናንቱ ልምምድ ሁለቴ ያዝኳቸው።

አባባ፣ በጥቅምት ነጎድጓድ የለም። እዚህ ያሉት የወሎ ልጆች ሁሉ ስልካቸውን እንደያዙ ነው የሚያድሩት። ከነሱ አንዷ ሀውራ የመርሳ ቤተሰቦቿን ድምፅ ካጣች ሰነበተች። እባክዎ ደሴ ይውጡ፣ ካልሆነም ኮምቦልቻ። ቀልዱን ትተው አንድ ቃል ብቻ ይጻፉልኝ። ይወጣሉ ወይስ አይወጡም?

ልጅዎ ሱረያ


ሐይቅ፣ ጥቅምት 18 ቀን 2014 ዓ.ም.

ሱረያ፣ አሰላሙ አለይኪ። ሙሉጌታ የሱቁን በር ግማሽ ዘግቶ ቆሞ ይጠብቀኛል። የኋላሸትና ተሾመች ዛሬ ጧት ወደ ደሴ ወጡ። መኪናው ሰው እንጂ ዕቃ አልጭንም ስላለ ክራሩ ግድግዳው ላይ ቀርቷል። እኔና ኡስማን ታንኳ አለን። ታንኳ ያለው ሰው ደሴ ሄዶ ምን ይሠራል?

ሐሳብሽን ሰብስቢ። ሁለቱን ምልክት አትልቀቂ። አላህ እግርሽን ያጽናው። ዛሬ ቀልድ የለም፣ ሙሉጌታ ቸኩሏል።

አያትሽ


ዱባይ፣ ኅዳር 10 ቀን 2014 ዓ.ም.

ለተከበሩ አባባ፤ አሰላሙ አለይኩም።

ይህ የምልከው ስንተኛው እንደሆነ አላውቅም። ሁሉም ስልኬ ላይ አንድ ምልክት ብቻ ይዞ ይቀራል፤ አልደረሰም ማለት ነው። ስልክዎ የለም፣ የሙሉጌታም የለም። ደሴም ተያዘች አሉ።

ልጠይቅዎ የምፈልገው ነገር አለ፤ የሚመልስልኝ ሰው የለም። ሀዘን ባለበት ሰፈር ክራር አይመታም፣ ይኸን ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት። ታዲያ እኔ እንዴት ያጌጠ ልብስ ለብሼ በሙዚቃ ልዝለል? ማሪቴስን ይቅርብኝ አልኳት። የጫማዬን ቢላ ሞርዳ አስቀመጠችልኝ። ብተወው ደግሞ በጥር ወደ የት ነው የምመለሰው? የምገባበትን አገር በዜና እንኳ አላየውም።

መልስ ያልሰጠ ካለ ታንኳ ሁሉ ወደዚያው ይቀዝፋል ብለውኛል። እኔ በምን ልቅዘፍ አባባ?

ሱረያ


ዱባይ፣ ታኅሣሥ 10 ቀን 2014 ዓ.ም.

ለተከበሩ አባባ፤ አሰላሙ አለይኩም። የሚያነቡት ከሆነ።

ሐይቅ ተለቀቀ ይላሉ፤ ስልኩ ግን አሁንም አይሠራም። ትናንት ተወዳደርኩ። ለመቅረት ወስኜ ነበር። ጧት ለመጨረሻ ጊዜ ብዬ ሙዚቃውን ከፈትኩት። ሳሉ ጋ ስደርስ "እዚህ አለሁ" የሚል ሰው ሰምቼ ዝም ብል ነውር ነው አልኩ። ጫማዬን አሠርኩ።

ስሜን ሲጠሩ ወደ በረዶው ወጣሁ። አዳራሹ ሙሉ ነው፤ ዕቃ የገዛ ሁሉ ፌስታሉን ይዞ ቆሟል። ክራሩ ሲጀምር ሰዉ ምን እንደሆነ ስላላወቀው ወደ ሜዳው ጠርዝ ተጠጋ። የአንድ እግሩን ደህና ሄድኩት፤ ሌላኛውን እግሬን ቀና አድርጌ፣ ለአባ ገብረ ክርስቶስ ይንገሩልኝ። ከዚያ ክራሩ ወደ ላይ መውጣት ሲጀምር ፈራሁ። መውደቁን አልነበረም። ሳሉ ባይመጣስ ብዬ ፈራሁ፤ እንደዚያ ሊሆን እንደማይችል እያወቅኩ።

መጣ። ዘለልኩ። ስወርድ እጄ በረዶውን ነካ እንጂ አልወደቅኩም። ሽክርክሪቱ ላይ ሁሉም ነገር ተደበላለቀና ምሰሶው መጣ፣ ቀዩ መብራትም ከኋላው ገባ፤ ቆምኩ። ፊቴ ዳኞቹ ላይ ነበር። እጅ ከመንሳቴ በፊት አንድ ጊዜ ሳልኩ። አንደኛዋ ዳኛ ውሃ ያቀብሏት ብላ ምልክት ሰጠች።

ከስድስታችን አራተኛ ወጣሁ፤ ግን አልፈሻል ተብያለሁ። ከጥር ጀምሮ ትንንሾቹን አለማምዳለሁ። ሙዚቃውንም እዚሁ መልሼ ልኬዋለሁ። ባይደርስም ከዚህ ደብዳቤ ጋር ይሁን።

ይመልሱልኝ። አንድ ጊዜ ብቻ።

ሱረያ


ሐይቅ፣ ጥር 14 ቀን 2014 ዓ.ም.

ለአሠልጣኟ ለሱረያ፤ ወአለይኪ አሰላም ወረህመቱላሂ ወበረካቱህ። አለሁ። ኡስማንም አለ። ስልኩ ትናንት ሲመጣ ሙሉጌታ ያንቺን መልእክት ሁሉ ደርድሮ አነበበልኝ፤ ሱቁ ስለተዘረፈ የሚያትምበት የለውም። ስለ ኅዳሩ ጥያቄሽ፣ በጊዜው ደርሶኝ ቢሆን "ዝለይ" እልሽ ነበር።

ቤቴ ገብተው ነበር። ብርድ ልብሱንም ድስቱንም ወስደዋል። የግራ ሰንደሌንም ጭምር ወስደዋል፤ ቀኙን ፍለጋ የሚንከራተተውን ሰው ሳስብ ያሳዝነኛል። የቀረውን ስትመጪ እነግርሻለሁ። አንዳንዱን ስትመጪም አልነግርሽም።

የኋላሸትና ተሾመች ከደብረ ብርሃን መጠለያ ባለፈው ሳምንት ተመለሱ። ክራሩ ማገዶ ሆኗል፤ ግድግዳው ላይ ማንጠልጠያው ሚስማር ብቻ ቀርቷል። የኋላሸት ሚስማሩን አይቶ የስፌት መኪናውን ዘይት መቀባት ጀመረ። ትናንት ግን ያንቺን ሙዚቃ በሙሉጌታ ስልክ ከፈትንለት። መቀሱን አስቀመጠ። ጣቶቹ ጉልበቱ ላይ አብረው ሄዱ፤ ተሾመች ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ሳሉ ጋ ሲደርስ ግን ቀና ብሎ፦

"ይኸን ሳል አሁንም አልቆረጥከውም?" አለኝ።

"ሥርዓት ነው" አልኩት።

"ምን ሥርዓት?"

ያንቺን ደብዳቤ የምታነበው የሙሉጌታ አፍ ናትና ስለ ሳሉ የጻፍኩልሽን ሁሉ ዘረገፈችለት። የኋላሸት ሰምቶ ሲጨርስ "ሀሚዱ፣ ዛሬውኑ ወረቀት አምጥተህ ለልጅቷ ጻፍ፤ ካልጻፍክ እኔ እጽፋለሁ" አለ። ከጎኔ ቆሞ እያየኝ ነው የምጽፈው።

እንግዲህ ሱረያ፣ ሰንደሉ እውነት ነው። በአንድ እግር መዞሬም እውነት ነው። ምልክቱም፣ ነጎድጓዱም፣ ሁሉም እውነት ነው፤ ነጎድጓድ አለመሆኑን ግን አንቺ አውቀሽው ነበር። ያ የጭጋግ ሳል ብቻ ውሸት ነው። ከአያት ከቅድመ አያት የመጣ ምንም ሥርዓት የለም። በጭጋግ እንጮኻለን፣ እንሰዳደባለን፤ የሐይቅ ዓሣ ስድብ ለምዷል። ያን ቀን ተሾመች ከሱቁ ጀርባ በርበሬ ስታምስ ጉሮሮዬን ይዞኝ ነው። አንቺ ሆስፒታል ምናምን ስትዪ እንቅልፍ እንዳታጪ ብዬ ፈጠርኩት። ለኡስማን ባጫወትኩት ጊዜ ታንኳውን ሊገለብጥ እስኪደርስ ሳቀብኝ።

በኅዳር ግን መንገዱ ሲዘጋ ሴቶችና ሕፃናት በጭጋግ ወደ ወዲያኛው ዳር እናሻግር ነበር። ዳርቻው ላይ መሣሪያ የያዘ ሰው አለ፤ የሚጮኽ የለም፣ የሚሳደብም የለም። አንድ ጧት መሀል ላይ ኡስማን ጠፋኝ። እጄን ዘርግቼ የራሴን መቅዘፊያ ጫፍ አላይም። የተቀመጡት ሁሉ ትንፋሻቸውን ይዘው እኔን ያዩኛል። እኔም የማደርገው ቢጠፋኝ አንድ ጊዜ ሳልኩ።

ከግራዬ ኡስማን ሳለ። ከሱም ወዲያ ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ ያላወቅሁት ሌላ ሰው ሳለ።

መስከረም ላይ ስጽፍልሽ ውሸት ነበር። አሁን ኡስማን በጠራራ ፀሐይ እንኳ ከሩቅ ሲያየኝ ይስላል፤ ካልመለስኩለት ወደ እኔ ይቀዝፋል።

አያትሽ ሀሚዱ